የአንድ በጋ ተመልካች

ተውኔት ለሚጽፍ ሰው «ተመልካች» የሚለው ቃል ቀላል ቃል አይደለም። ጸሐፊው በሌሊት ወረቀቱ ላይ አቀርቅሮ ሳለ በዐይነ ሕሊናው ፊት የሚቀመጥ፣ መጋረጃው ሲገለጥ ደግሞ በሥጋ መጥቶ በጨለማው አዳራሽ ውስጥ ጭጭ ብሎ የሚያመሽ ዳኛ ማለት ነው። ዝምታውም ሁለት ዓይነት ነው። ነገሩ ገብቶት የሚያዳምጥ ሰው ዝምታ አለ፤ ምን ማለት እንደሚገባው የማያውቅ ሰው ዝምታም አለ። ከመድረኩ ጀርባ ቆሞ ሁለቱን መለየት እጅግ ያስቸግራል። እኔ ልዩነቱን መማር የጀመርሁት በአዲስ አበባ ትያትር ቤቶች ውስጥ አይደለም። በዳባትና በደባርቅ ሜዳዎች ዳር ቆሜ ነው። ዘመኑ 2010 ዓ.ም.፣ ወራቱም ከገና እስከ አስተርእዮ ማርያም ነበር።

ለነገሩ ሰበብ የሆነው ለንደን የሚኖር የልጅነት ጓደኛዬ ነው። ይህ ሰው የሜዳ ቴኒስ አፍቃሪ ነው። በየዓመቱ በሰኔ መጨረሻ የዊምብልደን ውድድር ሲደርስ ትንሽ ድንኳኑን ተሸክሞ ይሄድና ከመጫወቻው አጠገብ ባለው መናፈሻ ሣር ላይ ተራ ይዞ ያድራል፤ በማግሥቱ የመግቢያ ትኬት ለማግኘት ነው። ውድድሩ እ.ኤ.አ. ከ1877 ጀምሮ ያለ እንደ መሆኑ ወረፋ መያዙም የራሱ ሥርዐትና የራሱ ጨዋነት አለው አለኝ። በ2009 ዓ.ም. ክረምት መግቢያ ከዚያው ከድንኳኑ ደውሎልኝ ስንጫወት፣ «ለመሆኑ እናንተ በክረምት ምን ታያላችሁ?» ሲል ጠየቀኝ። «ጉም» አልሁት።

ቀልድ አልነበረም። የፈረንጅ በጋ የእኛ ክረምት ነው። በሰኔና በሐምሌ ሊማሊሞ ጉም ተከናንቦ አሥር እርምጃ ርቆ የቆመ በቅሎ አይታይም። ገበሬው ገብሱን ያርማል፤ ሜዳው ረግረግ ነው፤ ለጨዋታ የሚወጣ የለም። በሰሜን ተራራዎች ግርጌ የጨዋታ ወራት የሚገባው ገብሱ ታጭዶና ተወቅቶ ጎተራ ከገባ፣ ውርጩም መሬቱን ካደረቀው በኋላ ነው። ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ግን ጥያቄው አልለቀቀኝም። ወዳጄ የቴኒሱን ወራት ተከትሎ ከሜዳ ሜዳ እንደሚዞር ሁሉ እኔም አንድ በጋ ሙሉ የአገሬን ጨዋታ ተከትዬ ብዞርስ? የባህል አጥኚ ልሁን አላልሁም፤ መቅረጫም አልያዝሁም። ደጋፊ ልሁን ነው ያልሁት።

ከጎንደር ወደ ሰሜን የሚወስደው መንገድ አምባ ጊዮርጊስን አልፎ ዳባት ያደርሳል፤ ከዚያ ደባርቅ። ከጎንደር ደባርቅ 100 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ደባርቅ ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ የተቀመጠች፣ የሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ደጃፍ የሆነች ከተማ ናት። ከእርስዋ ማዶ አገሩ በድንገት ይቆረጥና ጣሊያን በወረራው ዘመን በገደሉ ላይ ያጠማዘዘው የሊማሊሞ መንገድ ወደ ቆላው ይወርዳል። በታኅሣሥ ማለዳ እዚህ የሚነፍሰው ነፋስ ጋቢ አይመልሰውም፤ የበግ ጠጉር ቆብ ያስገዛል። ገዛሁ።

ገና የበዓሉም፣ የጨዋታውም፣ የዱላውም ስም ነው። ኳሲቱ ሩር ትባላለች፤ ጥንግ የሚሏትም አሉ። ከወይራ ሥር ተጠርባ ትሠራለች፤ ወይም ጠፍር በጠፍር ላይ ተጠቅልሎ ይሰፋል። ዱላው ጫፉ ቆልመም ያለ ነው። አንዳንዱ በተፈጥሮው የጎበጠ ቅርንጫፍ ፈልጎ ይቆርጣል፤ አንዳንዱ እርጥቡን እንጨት በእሳት እያሞቀ ያጎብጠዋል። ዳባት ገበያ አጠገብ ሁለት ጎረምሶች አንድ ዱላ ይዘው የትኛው ይሻላል ብለው ሲከራከሩ ሰማሁ። አንዱ የተፈጥሮ ጉብጠት አይሰነጠቅም ይላል፤ ሌላው በእሳት የጎበጠው ለእጅ ይስማማል ይላል። ሩብ ሰዓት ያህል ቆሜ አዳመጥኋቸው። አልተስማሙም። ጨዋታው እረኞች የጌታን ልደት በሰሙ ጊዜ በደስታ በበትራቸው ከተጫወቱት የወረደ ነው ተብሎ ይታመናል። የክርክሩም ዕድሜ ከዚያ የሚያንስ አልመሰለኝም።

ታኅሣሥ 29 ቀን እሑድ ዋለ። ከቀኑ ስምንት ሰዓት ገደማ፣ ሕዝቡ ጾሙን ፈቶ ጠላውን ቀማምሶ ወደ ሜዳው ወጣ። ላይ ሰፈር ከታች ሰፈር ነው ግጥሚያው። ለላዮቹ መዳረሻው ታች ያለው ደረቅ ጅረት ነው፤ ለታቾቹ ደግሞ ዳገቱ ላይ ያለው የባሕር ዛፍ ደን። ጎን ለጎን ወሰን የለም። ተጫዋቹን ልቆጥር ሞከርሁ፤ አርባ ላይ ስደርስ ግን ተውሁት። አጠገቤ ቆሞ የነበረው ጎልማሳ ጋቢውን ለሚስቱ ሰጥቶ ወደ ሜዳው ገባ፤ ከሜዳው ደግሞ አንዱ ቅልጥሙን እያሻሸ ወጥቶ እርሱ በለቀቀው ቦታ ቆመና የዳኝነት አስተያየት ይሰጥ ጀመር። ሩሯ ወደ እኛ ስትመጣ እኛ ወደ ኋላ እንሸሻለን፤ ስትርቅ ተከትለናት እንሮጣለን። ከተመልካቹ መካከል የተቀመጠ አንድም ሰው አልነበረም።

በስተቀኜ አንድ ሽማግሌ ነበሩ። ያንን ሁሉ ሰዓት አንድ ጊዜም አልጮኹም። እኔ ግን ሩሯ በተመታች ቁጥር አንገቴን እንደ ሰጎን እየመዘዝሁ ስወራጭ አይተው ኖሮ፣

«ልጄ፣ ሩሯን አትከተል» አሉኝ።

«ታዲያ ምኑን ልይ አባቴ?»

«የመቺውን እግር እይ። ሩሯማ የት እንደምትሄድ የምታውቀው እርስዋ አይደለችም።»

ከዚያ በኋላ እግር ማየት ጀመርሁ። መጀመሪያ ምንም አልታየኝም፤ አቧራ ብቻ። ከግማሽ ሰዓት በኋላ ግን መቺው ግራ እግሩን ከፈት አድርጎ ሲተክል ሩሯ ወደ ጅረቱ እንደምትወርድ፣ ተረከዙን ሲያነሣ ደግሞ ማስፈራሪያ ብቻ እንደ ሆነ መለየት ቻልሁ። ሽማግሌው ግን ከእኔ እጅግ የራቁ ነበሩ። «አሁን ግራው ላላ» ይላሉ ቀስ ብለው፤ እኔ ግራውን ስመለከት ምንም የለም፤ ጥቂት ቆይቶ ጩኸቱ ከዚያው ከግራ ይነሣል። በሕይወቴ ብዙ የትያትር ሐያስያን አንብቤአለሁ። አንድ ትዕይንት የት ላይ እንደ ላላ፣ ሳይፈርስ አስቀድሞ የሚናገር ግን ከመካከላቸው ጥቂት ነው። በኋላ ይህን ለለንደኑ ወዳጄ ብነግረው አልተደነቀም። ቴኒስም እንዲሁ ነው፤ ጀማሪ ተመልካች ኳሷን ተከትሎ ግራና ቀኝ ሲል አንገቱ ይደክማል፤ የቆየው ግን ኳስ የሚያቀብለውን ሰው ክንድና ትከሻ ነው የሚያየው አለኝ።

በዚህ ጨዋታ ጌታም ቢመታ አይቆጣም ይባላል። እውነት ነው፤ አንድ ሰው ሁሉ የሚፈራው መሆኑን ከአለባበሱ ያወቅሁት ባለ ማዕርግ ቅልጥሙን ተመትቶ እያነከሰ ሲስቅ አይቻለሁ። ለእኔ ለገጣሚው ግን ዋናው የመጣው ፀሐይ ስትጠልቅ ነው። ታች ሰፈር አሸነፈ። ያሸነፈው ወገን የተሸነፈውን በግጥም ይሸነቁጣል፤ የተሸነፈውም ይመልሳል። ከታቾቹ አንድ ቀጭን ጎረምሳ በዱላው መሬቱን እየመታ እንዲህ አለ፦

ወይራውን ቆርጣችሁ ስትጠርቡ ሰንብታችሁ፣
ለካ ለምርኩዝ ነው ዱላ ማበጀታችሁ።

ሕዝቡ በሳቅ ፈረሰ። ከላዮቹ አንዱ ሊመልስ ብሎ ጀመረ፤ ግን ሁለተኛው ስንኝ ቤት አልመታለትም። ወዲያው ከሕዝቡ መካከል የአንዲት ሴት ድምፅ፣ «ቤቱ ፈሰሰ! ድገመው!» አለ። ደገመው፤ አሁንም ፈሰሰ። ሌላ ተነሣና አዳነው። አንባቢ ሆይ፣ የታተሙ ግጥሞቻችንን «ቤቱ ፈሰሰ፣ ድገመው» የሚል ሕዝብ ፊት ቆመን ለማንበብ ስንቶቻችን እንደፍራለን?

ጥር 11 ደባርቅ ነበርሁ። ታቦታቱ ከጥምቀተ ባሕሩ ወጥተው በእልልታ ወደየመንበራቸው ሲሸኙ ከየቀበሌው የመጡ ፈረሰኞች ሜዳውን ይዘው ነበር። ጉግስን ያላየ ሰው ሽቅድምድም ይመስለዋል፤ አይደለም። አንዱ ወገን ይሸሻል፤ ሌላው ያሳድዳል። አሳዳጁ በግልቢያ ላይ ሳለ የእንጨት ዘንጉን ይወረውራል፤ የሚሸሸው ወደ ኋላው ዘወር ብሎ በጋሻው ይመክታል፤ ወይም በፈረሱ አንገት ላይ ልጥፍ ብሎ ያሳልፈዋል። ከዚያ ይዞራሉ፤ ሸሺው አሳዳጅ ይሆናል። የጦርነት ትምህርት ቤት እንደ ነበረ ምንም ማስረዳት አያሻውም። ቴዎድሮስ አባ ታጠቅ፣ ዮሐንስ አባ በዝብዝ፣ ምኒልክ አባ ዳኘው እየተባሉ በፈረሳቸው ስም የተጠሩበት አገር ነው። ከደባርቅ እልፍ ሲሉም ካሣ የስሜኑን ደጃዝማች ውቤን ድል አድርጎ በ1847 ዓ.ም. ዘውድ የጫነበት ደረስጌ ማርያም አለ።

እዚህ ተመልካቹ እንደ ዳባቱ ወደ ጨዋታው ሊገባ አይችልም፤ ፈረስ የለውማ። ነገር ግን አሁንም እጁን አጣጥፎ አልቆመም። የእያንዳንዱን ፈረስ ዘር፣ ማን ከማን እንደ ገዛው፣ የትኛው ልጓም እንደሚያኝክ፣ የትኛው ወደ ግራ መዞር እንደሚያስቸግረው ይነጋገራል። አንድ ቦራ ፈረስ ሲያልፍ አጠገቤ የቆመ ሰው ትንፋሹን ዋጥ አድርጎ ዝም አለ። ከግጭ የመጣ ነበር። የግጭ ሰዎች በ2008 ዓ.ም. ከፓርኩ ወጥተው ደባርቅ ላይ ሰፍረዋል። እ.ኤ.አ. በ1978 በዓለም ቅርስነት የተመዘገበው ፓርክ እ.ኤ.አ. በ1996 አደጋ ካንዣበበባቸው ቅርሶች መዝገብ ገብቶ ነበር። ከዚያ መዝገብ የወጣው በ2009 ዓ.ም. ማብቂያ ነው፤ የእነዚህ ሰዎች መነሣትም ለዚህ አንዱ ምክንያት ሆኗል። ዋልያው ይጠበቅ ዘንድ መደረግ የነበረበት ነገር ይሆናል፤ እኔ አልፈርድም። ሰውዬው ግን፣ «ፈረስ ነበረኝ፤ ሸጥሁት» አለኝ። «ከተማ ውስጥ ምን ይበላል ወንድሜ?» ቦራው ፈረስ ሁለተኛ ሲያልፍ ስሙን ጠርቶ አበረታታው፤ ፈረሱም ጆሮውን ወደ እኛ አዞረ። የእርሱ ይሁን አይሁን አልጠየቅሁትም።

በዚያው ሰሞን ደግሞ ሌላ ዓይነት ግጥሚያ አየሁ። ገና፣ ትግል፣ ገበጣ፣ ፈረስ ጉግስ በዛሬ ዘመን «የባህል ስፖርት» ተብለው ደንብ ወጥቶላቸዋል፤ ፌዴሬሽን አላቸው፤ በአገር አቀፍ ደረጃም ውድድር ይካሄድባቸዋል። እኔ ያየሁት ከዚያ በታች ያለ፣ ለሠርቶ ማሳያ ያህል የተዘጋጀ የወጣቶች ግጥሚያ ነው። ሜዳው በኖራ ተሰምሯል። የሁለቱም ወገን ተጫዋች እኩል ነው፤ መለያ ለብሷል፤ ዳኛው ፊሽካ ይዟል። ተመልካቹ ከገመድ ወዲህ እንዲቆም ተደረገ፤ በድምፅ ማጉያም «አሁን የምታዩት ጥንታዊው የገና ጨዋታችን ነው» ተባለ። ጨዋታው ጥሩ ነበር። ልጆቹ ፈጣኖች ናቸው፤ የማንም ቅልጥም አልተሰበረም፤ ይህም ቀላል ነገር አይደለም። ነገር ግን በገመዱ ዳር የቆምነው ሰዎች ጭጭ አልን። ማጉያው አጨብጭቡ ሲለን አጨበጨብን።

ደንብ መውጣቱን የምቃወም እንዳይመስል። ያልተጻፈ ጨዋታ የሚያውቁት ሰዎች ሲያልቁ አብሮ ያልቃል፤ በደንብ የተሰፈረ ግን ከአንዱ አውራጃ ወደ ሌላው ሊሻገር ይችላል። ወሰን ለሌለው ሜዳ የሚሆን ሜዳም እየጠፋ ነው፤ ከተማው በየዓመቱ ቤት ይሠራበታል። ያሳዘነኝ ማጉያው ነው። ዳባት ላይ ማንም ምንም አላስረዳንም ነበር። ምን እንደምናይ የሚነግረን ሰው ሲቆምልን፣ የማናውቅ ሰዎች መሆናችንን አብሮ ነገረን፤ እኛም አመንን። «ግራው ላላ» የሚል ሰው በዚያ ገመድ ዳር አልነበረም ማለት አይደለም፤ ለመናገር ግን ሥፍራው አልመሰለውም።

ጀርመናዊው ተውኔት ጸሐፊ ቤርቶልት ብሬኽት እ.ኤ.አ. በ1926 በአንድ ጋዜጣ ላይ ባወጣው አጭር ጽሑፍ፣ ተስፋዬን የጣልሁት በስፖርት ተመልካች ላይ ነው የሚል ሐሳብ አቅርቦ ነበር። ቦክስ ለማየት ገንዘቡን ከፍሎ የሚገባ ሰው ምን ሊያይ እንደ መጣ ያውቃል፤ ስለዚህ ብልህ ተመልካች ነው፤ ፍርዱም ቅን ነው። ትያትር ቤት የሚመጣው ግን ምን ሊያይ እንደ መጣ አያውቅም፤ አቅራቢዎቹም አያውቁም ይላል። ተማሪ ሳለሁ ይህን ሳነብ ነገር ለማሳመር የተባለ መስሎኝ ነበር። ዳባት ላይ ቃል በቃል እውነት ሆኖ አገኘሁት፤ እንዲያውም ብሬኽት ያላሰበው ነገር አለበት። የእርሱ የቦክስ ተመልካች ሲጋራውን ይዞ ወንበሩ ላይ ነው ያለው። የእኛዎቹ ሽማግሌ ግን ከዐምሳ ዓመት በፊት በዚያው ሜዳ ላይ ቅልጥማቸውን የተመቱ ሰው ናቸው፤ ጠባሳውን ሱሪያቸውን ሰብሰብ አድርገው አሳይተውኛል። የሚያዩት በዐይናቸው ብቻ አልነበረም።

ቴኒስም ከዚህ ጣጣ አላመለጠም። ዊምብልደን ከመቶ ዓመት በላይ የነበሩትን የመስመር ዳኞች እ.ኤ.አ. በ2025 አሰናብቶ ሥራቸውን ለኤሌክትሮኒክ መሣሪያ ሰጥቷል። ኳሷ መስመሩን ነክታለች አልነካችም የሚለው ክርክር ከሰው እጅ ወጣ። ወዳጄ ፍርዱ የተሻለ ሆኗል ይላል፤ ሆኖም የሆነ ነገር ጎደለኝ ይላል። የሚናፍቀው እ.ኤ.አ. በ2010 የተደረገውን፣ አሜሪካዊው ጆን ኢዝነርና ፈረንሳዊው ኒኮላ ማዩ ለሦስት ቀን የተፋለሙበትን ግጥሚያ ነው። 11 ሰዓት ከ5 ደቂቃ ፈጀ፤ የመጨረሻው ዙር 70 ለ68 አለቀ፤ ሁለት ጊዜ የተቋረጠውም መሸና ዐይን አላይ ብሎ ነው። ይህን ሲነግረኝ ነው ቴኒስን መጀመሪያ የወደድሁት። ጨለማ የሚያቆመው ጨዋታ እኔም አገር አለ።

የዚያ በጋ ሰዎች ዛሬ የት እንዳሉ ሁሉንም አላውቅም። በ2013 ዓ.ም. ማብቂያ ጦርነቱ ወደ ደባርቅና ዳባት አካባቢ ደርሶ ነበር፤ በዳባት ወረዳ በጭና ብዙ ሲቪል ሰዎች ተገድለዋል። ከዚያም ወዲህ አገሩ ዕረፍት አላገኘም። የጨዋታ ሜዳ ሰው ተሰብስቦ ሳይፈራ የሚውልበት ስፍራ ነው፤ ፍርሃት ካለ መጀመሪያ የሚራገፈው ተመልካቹ ነው። ጎረምሶች የትም ተደብቀው ሊጫወቱ ይችላሉ፤ ሽማግሌና እናቶች ግን አይመጡም። ስንኙ ሲፈስ «ድገመው» የሚለው ከሌለ፣ ጎረምሳው የፈሰሰውን ስንኝ ቤት የመታ መስሎት ያድጋል። ወጣቶቹ ማየት አይችሉም ብዬ አይደለም። በደባርቅ ቡና ቤቶች የአርሰናልን ጨዋታ በቴሌቪዥን የሚከታተሉ ልጆች፣ የትኛው ተከላካይ ቦታውን እንደ ለቀቀ ከተንታኙ ቀድመው ሲናገሩ ሰምቻለሁ። ያ የሽማግሌው ዐይን ነው።

የበጋው የመጨረሻ ጨዋታ ጥር 21 ዳባት ላይ ሆነ። የገና ወራት አልፏል፣ አሁን ደግሞ ምን ጨዋታ ነው ብለው ያጉረመረሙ ነበሩ፤ ሆኖም እነርሱም መጥተው ቆሙ። ታች ሰፈርና ላይ ሰፈር እንደገና ተገጣጠሙ። ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ አንድ ረጅም ምት ሩሯን ከጅረቱ አፋፍ የገብስ ገለባ ውስጥ ጣላት። ላዮቹ ደረሰች አሉ፤ ታቾቹ አልደረሰችም አሉ። ሩሯ ካልተገኘች ደግሞ ማን ይፈርዳል? ተጫዋቹም ተመልካቹም ጎንበስ ብሎ በእጅ ስልክ ብርሃን ገለባውን ያገላብጥ ጀመር። ያገኘቻት አንዲት አሥር ዓመት የማይሞላት ልጅ ናት። ማንሣት ማንም ከለከላት፤ ባለችበት ትቆይ፣ ቦታዋ ይለካ ተባለ። ልጅቱ ግን ከወንድሟ እጅ ዱላውን ነጥቃ፣ ግራ እግሯን ከፈት አድርጋ ተከለችና ሩሯን ወደ ጅረቱ ሰደደቻት።

ያስቆጠረችው የላይ ሰፈር ልጅ ናት፣ የታች ሰፈር ልጅ ናት የሚለው ክርክር እኔ ወደ ጎንደር በተሳፈርሁበት ሚኒባስ ውስጥ አምባ ጊዮርጊስ እስክንደርስ አላባራም ነበር።